ቆላ የወረደውን የሚከተል ሕክምና

ሐምሌ ላይ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ ወጣቱ ተነሥቶ ቆላ ይወርዳል። መተማ፣ አብደራፊ፣ ሑመራ፤ በሱዳን ድንበር የተዘረጋ የሰሊጥና የማሽላ አገር። መጀመሪያ አረም አለ፤ መስከረም ላይ የሰሊጥ አጨዳ ይከተላል። ሰሊጥ ደግሞ ፋታ አይሰጥም፤ ቆባው ደርቆ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ እርሻው በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሰው ጎርፍ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ሰው የሚያድረው ዳስ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ነው።

ሌሊት የምትነድፈው ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ድምፅም የላትም። ስሟ የአሸዋ ዝንብ ይሁን እንጂ እዚህ አገር የምትወደው የዋልካ መሬት ስንጥቅንና የግራር ሥርን ነው። ስትነድፍ የምታስገባው ጥገኛ ተውሳክ ካላዛር የተባለውን በሽታ ያመጣል። ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ክፋቱ ጊዜው ላይ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከንድፊያው ከወራት በኋላ ስለሚታይ፣ ሠራተኛው የሚታመመው ሒሳቡን ተቀብሎ አገሩ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። እዚያ ደግሞ ትኩሳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው። በ1997 ዓ.ም. በደጋው ሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ ሲነሣ የታየው ይኸው ነበር፤ ምንነቱ ከመታወቁ በፊት ብዙዎች በወባ ስም ታክመዋል። በሽታውን ቆላ ደርሰው የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀሩ ይታመናል፤ የተያዙት ግን ቆላን ረግጠው የማያውቁ ሕፃናት ጭምር ናቸው።

እናም ሕክምናው ሁለት ደጅ ያስፈልገዋል። አንዱ እርሻው አጠገብ ነው። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛርን ብቻ ሳይሆን የእባብ ንድፊያንም ሲያክሙ ኖረዋል፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ ለሚያርም ሰው እባብ የዕለት ተዕለት ስጋት ነው። ሌላው ደጅ ደጋው ላይ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለው የካላዛር ማዕከል ነው።

ምርመራው ቀላል ይመስላል፦ አንዲት የደም ጠብታ በወረቀት ቁራጭ ላይ፣ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ደም ከዓመታት በኋላም «አለበት» ሊል ይችላል። በሽታው ተመልሶበት እንደሆነ ለማወቅ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ናሙና መውሰድ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ ሑመራ፣ ነገ መተማ ለሚል ሰው ቀድሞ መታከሙን የሚያሳየው የሕክምና ካርዱ ከኪሱ ካልጠፋ ትልቅ ነገር ነው።

የተለመደው ሕክምና ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ፣ ለ17 ቀን ነው፤ ቀድሞ በአንዱ ብቻ 30 ቀን ይፈጅ ነበር። ኤችአይቪ ያለበት ታካሚ ሌላ መድኃኒትና ረዘም ያለ ክትትል ያስፈልገዋል። በእኔ ግምት ከመድኃኒቱ እኩል የሚቆጠረው አልጋውና ምግቡ ነው። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው 17 ቀን ሲተኛ የ17 ቀን ገቢ ያጣል፤ አስታማሚ ዘመዱም ሩቅ ነው። የሚበላው ካላገኘ መርፌውን አቋርጦ ይሄዳል።

ደጋ ያለ ጤና ጣቢያ ከዚህ ሁሉ አንድም ላይኖረው ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ይዞ ለመጣ ወጣት ግን አንዲት ጥያቄ ገንዘብ አትጠይቅም፦ «ቆላ ወርደህ ነበር?»