አርማታ ሰባሪ ከመቅጠር በፊት

ሶሌታ የሚሞላበት ቀን በብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች የደስታ ቀን ነው፤ ለሠራተኛው ምግብ ይዘጋጃል፣ በግ የሚያርድም አለ። አርማታ የሚፈርስበትን ቀን ግን ማንም አያከብረውም። ጉልበት ብቻ የሚፈልግ ሥራ ስለሚመስለን ዝቅተኛ ዋጋ ለጠራው እንሰጠዋለን። ይህ ይቆጨኛል፤ ማፍረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነውና።

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ደካማ ነው፤ መሳብን የሚቋቋመው ጭነትን ከሚቋቋምበት አቅም በአንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ፌሮ የሚገባውም ይህንን ጉድለት እንዲሸፍን ነው። ልምድ ያለው ሰባሪ ይህን በእጁ ያውቀዋል። ጃክ ሀመሩን መሀል ላይ ተክሎ አይታገልም፤ ከጠርዝ ጥቂት ገባ ብሎ ይወጋና የተሰነጠቀውን ቁራጭ ወደ ክፍቱ ጎን ይገፋዋል። መሀሉን ቢመታ ሹሉ ብረት ተቀርቅሮ ይቀራል። የሚፈርሰው ከሚቀረው ወለል ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ መስመሩን በመቁረጫ ማሽን ይለየዋል፤ አለዚያ ስንጥቁ ወደሚቀረው ይዘልቃል።

ተቋራጭ ስትጠሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁን አዳምጡ። ውፍረቱ ስንት ነው? ፌሮ አለው? ከሥሩ የውሃ ቱቦ፣ የመብራት ገመድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ አለ? ገልባጭ መኪና በሩ ድረስ ይደርሳል? ቦታውን ሳያይ በስልክ ዋጋ የሚቆርጠውን አላምነውም። የሚፈርሰው ኮለን፣ ቢም ወይም ሶሌታ ከሆነ ሸክሙ በየት በኩል እንደሚወርድ መሐንዲስ ሳያረጋግጥ አንድም መዶሻ ማረፍ የለበትም።

ጠቡ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ ነው። 8 በ5 ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የግቢ ወለል 6 ሜትር ኩብ ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 2400 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ጠቅላላው ከ140 ኩንታል ይበልጣል። ሲሰባበር በየመሀሉ ክፍተት ስለሚፈጠር የሚይዘው ቦታ በግማሽ ያህል ሊጨምር፣ ወደ 9 ሜትር ኩብ ሊደርስ ይችላል። ውሉ «ማፍረስ» ብቻ የሚል ከሆነ ይህ ሁሉ ክምር ደጃችሁ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማፍረሱን፣ መጫኑንና ማጓጓዙን በቁርጥ ተዋዋሉ፤ የሚደፋበትም ቦታ በስም ይጻፍ። በሌሊት ወንዝ ዳር የተገለበጠ ፍርስራሽ ክረምት ሲገባ የውሃውን መንገድ ዘግቶ ጎርፉን ወደ ሰው ቤት ይመልሰዋል። ከላስቲክና ከቆሻሻ ያልተደባለቀ የኮንክሪት ስብርባሪ ግን ለመሙያ ጥሩ ነው። የፌሮውንም ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ ቁርጥራጭ ብረት ገንዘብ ነው፣ ተቋራጩ የሚወስደው ከሆነ ከዋጋው ይቀነስ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አቧራው ነው። ከአሸዋውና ከጠጠሩ የሚወጣው ደቃቅ ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ያደርጋል፤ ሲሊኮሲስ ይሉታል፣ የሚያድነውም መድኃኒት የለም። አፍ ላይ የተጠመጠመ ሻሽ ይህን አያግድም። በሚሰበረው ቦታ ላይ ያለማቋረጥ ውሃ መርጨትና ለደቃቅ አቧራ የተሠራ ማስክ ማድረግ ያስፈልጋል። በርሜሉንና ጎማውን እናንተ አዘጋጁ፤ የማስኩ፣ የመነጽሩና የጆሮ መከላከያው ወጪም በዋጋው ውስጥ ለብቻው ይጠቀስ፤ ዋጋ የሰበረ ተቋራጭ መጀመሪያ የሚተወው እነዚህን ነውና። ሠራተኞቹ ውሃ ሳይረጩ ከጀመሩ ሥራውን አስቁሙ።