በትከሻ የሚሄድ ድልድይ

አዋሽን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከመተሐራ በታች፣ በቆላው ነው። መነሻው ግን ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ወርዶ በሰበታ ሀዋስ ወረዳ በኩል ያልፋል። በበጋ በእግር የሚሻገሩት ውሃ ሐምሌ ላይ ማንንም አያሳልፍም።

የምኒልክ ስዊሳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ከገባ በኋላ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ የአዋሽ ድልድይ ነው። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን ሸዋ ውስጥ የመኪና መንገድ የለም፤ ዕቃ የሚሄደው በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ነው። ታዲያ ከባድ ጭነት የሚችል ድልድይ ምንም ከባድ ነገር ሊደርስ በማይችልበት ቦታ እንዴት ይሠራል?

እኔን የሚገርመኝ መልሱ ሦስት ማዕዘን መሆኑ ነው። አራት እንጨት በምስማር አያይዛችሁ ካሬ ሥሩና ከጎን ግፉት፤ ወዲያው ይንጋደዳል። ሦስት ካደረጋችሁት ግን እንጨቱ ካልተሰበረ ወይም ምስማሩ ካልተነቀለ ቅርጹ አይለወጥም። የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ የሚሸከመው የባሕር ዛፍ ማዕቀፍም ምስጢሩ ይኸው ነው። ሦስት ማዕዘኖቹን ጎን ለጎን ስትደረድሩ ጭነቱ በየዘንጉ ይከፋፈላል፦ የላይኛው ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል፣ ሰያፎቹ ደግሞ አንዱ ሲጨመቅ ሌላው ይሳባል። ስለዚህ አንድ ግዙፍ ግንድ ማጓጓዝ ቀረ፤ ብዙ ቀጫጭን ዘንግ ይበቃል።

ይህን ሐሳብ ጫፍ ያደረሰው በስሙ የሚጠራውን ተገጣጣሚ ድልድይ የነደፈው እንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ሲያፈገፍግ የአዋሽን ድልድዮች አፍርሶ ነበር፤ የሚያሳድደው የእንግሊዝ ጦር ወንዙን ተሻግሮ ኤፕሪል 6 አዲስ አበባ የገባው መሐንዲሶቹ በእጃቸው ባገኙት ነገር እየተፍጨረጨሩ ነው። የቤይሊ ድልድይ በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘረጋው ግን በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ቱኒዚያ ላይ ነው። ለአዋሽ አልደረሰም፤ ያሳዝናል።

አሠራሩን ስሙኝ። አንዱ የብረት ፍሬም ሦስት ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 260 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ስድስት ሰው ያነሣዋል። ፍሬሞቹ በወፍራም ፒን ይያያዛሉ። ክሬን አያስፈልግም፤ ወንዙ ውስጥም የሚገባ ሰው የለም። ድልድዩ በአንዱ ዳር ተገጣጥሞ በሮለር ላይ እየተገፋ ወደ ማዶ ይሄዳል። ፊቱ ላይ ቀለል ያለ አፍንጫ ይቀጠልለታል፤ የኋላው ክብደት ስለሚበልጥ ወደ ገደሉ አይደፋም። ማዶ ሲደርስ አፍንጫው ይፈታል፣ ወለሉ ይነጠፋል፣ አለቀ!

እኛ አገር ጎርፍ ወይም ጦርነት ድልድይ ሲያፈርስ በዜና ‹‹ተገጣጣሚ ድልድይ›› የምንሰማው የዚሁ ዘር ነው። በቀጣዩ ጉዟችሁ አንዱን ካገኛችሁ ከመኪና ወርዳችሁ በጎኑ ያሉትን የፍሬም ረድፎች ቁጠሩ። ፍሬሙ ነጠላ ከሆነ አቅሙ ትንሽ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ከሆነ፣ አልፎም ፎቅ ከተደረበበት፣ ከባድ መኪና ታስቦለታል ማለት ነው። አሮጌ ፍሬም ላይ የተደራረበ ቀለም ወይም የተበላ የቀዳዳ ጠርዝ ብታዩም አይግረማችሁ፤ ተፈትቶ ሌላ ወንዝ ላይ እንዲተከል የተሠራ ስለሆነ፣ እናንተ የቆማችሁበት ወንዝ የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል።