ዕውቀትን ወደ ክህሎት ማሸጋገር፦ የጤና ሙያ ኮሌጅ መምህር ኃላፊነትና የማስተማር ዘዴዎች

መግቢያ

በጣና ሐይቅ ዙሪያ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ሕሙማንን በቅድሚያ የሚቀበሉት በአብዛኛው ነርሶች፣ ሚድዋይፎች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ እንደ ባሕር ዳር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ካሉ የሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት የሚወጡ ናቸው። ስለሆነም መምህሩ የሚከተለው የማስተማር ዘዴ ውጤቱ በመጨረሻ የሚታየው በሌሊት ለመውለድ በመጣች እናትና ትኩሳት ባጠቃው ሕፃን ላይ ነው። በቃል የተጠና ዕውቀት ብቻውን እጅን አያሠለጥንም። ይህ ጽሑፍ ዕውቀትን ወደ ክህሎት ለማሸጋገር የሚረዱ ጥቂት ዘዴዎችን ያብራራል።

ትምህርትን ከአካባቢው ሕመም መጀመር

ይህ አስተሳሰብ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ከሐይቁ በስተሰሜን በደምቢያ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎች በቡድን ተደራጅተው እንደ ቆላድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከሕዝቡ መካከል ሆነው ይሠለጥኑ ነበር።

ለዛሬ መምህር ከሐይቁ በስተምሥራቅ የሚገኘው የሊቦ ከምከም ወረዳ ታሪክ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያ የካላ አዛር ወረርሽኝ መኖሩ ከመታወቁ በፊት፣ ሕመሙ መድኃኒት የተለማመደ ወባ ነው ተብሎ ተገምቶ ነበር። መምህሩ ይህንን ታሪክ በአንድ ጊዜ ከመተረክ ይልቅ ደረጃ በደረጃ ቢያቀርበው ይበልጥ ይጠቅማል። በመጀመሪያ፣ «ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ የከሳና ጣፊያው ያበጠ ወጣት መጥቷል» ይበልና ሠልጣኞች የሚጠይቁትን ይስማ። ቀጥሎም የወባ መድኃኒት ወስዶ እንዳልተሻለው ይንገራቸው። «ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርዶ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ከሠልጣኞቹ ራሳቸው እስኪመጣ መታገሥ ተገቢ ነው። ሠልጣኙ በዚህ መንገድ የሚማረው ስለ አንድ በሽታ ብቻ ሳይሆን፣ የመጀመሪያ ግምቱን መልሶ መመርመርንም ጭምር ነው።

የእጅ ሙያን በአራት ደረጃ ማስተማር

በሐኪሙ በፔይተን ስም የሚታወቀው ዘዴ አራት ደረጃዎች አሉት። ሲወለድ ያልተነፈሰን ሕፃን በአምቡ ባግ መርዳትን በምሳሌነት እንውሰድ።

1. መምህሩ በሥልጠና አሻንጉሊት ላይ ሥራውን በተለመደው ፍጥነት፣ ያለ ማብራሪያ ያሳያል።
2. ሕፃኑን ማድረቅን፣ የጭንቅላቱን አቀማመጥ ማስተካከልን፣ ጭምብሉን መግጠምንና የደረቱን ከፍ ማለት መመልከትን፣ የእያንዳንዱን ምክንያት እየገለጸ በዝግታ ይደግማል።
3. ሠልጣኙ ቅደም ተከተሉን ይናገራል፤ መምህሩም በተነገረው መሠረት ይሠራል።
4. ሠልጣኙ እየተናገረ ራሱ ይሠራል።

ጊዜ ሲያጥር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሦስተኛው ደረጃ ነው። ሆኖም የሠልጣኙ ዕውቀት የት ላይ እንደተቋረጠ የሚገለጠው በዚያ ነው። የክፍሉ ተማሪ ብዛት የሚያስቸግር ከሆነ ሦስት ሦስት ሆነው ይከፈሉ፤ አንዱ ይሥራ፣ ሁለተኛው ቼክሊስት ይዞ ይከታተል፣ ሦስተኛው የእናቲቱን ቦታ ይዞ ይጠይቅ። ያልተነፈሰ ሕፃን እርዳታ ማግኘት ያለበት በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ውስጥ ስለሆነ፣ ልምምዱ በሰዓት ይመዘን። ሠልጣኙ በአሻንጉሊት ላይ ብቃቱን ሳያረጋግጥ ወደ ሕሙማን መቅረብ የለበትም፤ ሲቀርብም በታካሚው ፈቃድና በመምህሩ ቅርብ ክትትል ይሁን።

ግብረ መልስ

በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ለይቶ ያርመዋል። እርማቱ ለሁሉም በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ነው። በጤና ኮሌጅም «ጥሩ ነው» ወይም «አልቻልክም» የሚል አስተያየት የሚያስተምረው ነገር የለም። «ጭምብሉ በአገጩ በኩል አየር ያስወጣ ነበር፤ ጣትህን አስተካክለህ እንደገና ሞክር» የሚለው ግን ለቀጣዩ ሙከራ መንገድ ያሳያል። እርማቱ ሥራው እንዳለቀ ወዲያውኑ፣ ከታካሚው ፊት ራቅ ብሎ ቢሰጥ የሠልጣኙም የታካሚውም ክብር ይጠበቃል።

የታካሚው ቋንቋ

ሠልጣኙ በኮሌጅ የሚማረው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ የሚያገለግለው ሕዝብ ግን በአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ነው። የመድኃኒት አወሳሰድን በእንግሊዝኛ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ተማሪ፣ ለአንዲት የገጠር እናት ሲያስረዳ ሊደነቃቀፍ ይችላል። ስለዚህ የምክር አገልግሎት ልምምድ በአማርኛ ይሰጥ። ሠልጣኙም ካስረዳ በኋላ፣ «እስቲ የነገርኩዎትን ለእኔ መልሰው ይንገሩኝ» ብሎ ማረጋገጥን ይልመድ።

ምዘና

ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተንበትን ነው። ፈተናው የጽሑፍ ብቻ ከሆነ የተግባር ልምምድ ይዘነጋል። ሃርደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ ያስተዋወቁት፣ ሠልጣኙ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወረ በአንድ ዓይነት ቼክሊስት የሚመዘንበት የተግባር ፈተና ለዚህ ይረዳል። ጥቂት ጣቢያዎችን በጠረጴዛና በመጋረጃ ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ማጠቃለያ

እነዚህ ዘዴዎች ከውድ መሣሪያ ይልቅ የመምህሩን ዝግጅትና ጊዜ ይጠይቃሉ። ኮሌጆች መምህራን በየጊዜው ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው የራሳቸውን ክህሎት የሚያድሱበትን፣ እንዲሁም አንዱ የሌላውን ትምህርት ተመልክቶ የሚመካከሩበትን ፕሮግራም ቢያመቻቹ ይበጃል። ሠልጣኙ ተመርቆ ከሐይቁ ማዶ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ብቻውን ተረኛ ሲሆን መምህሩ አጠገቡ አይኖርም። የሚኖረው እጁ የለመደው ብቻ ነው።