ደሴን የሚጠይቅ ደንበኛ መልሱን ከማን ያገኛል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሠርግ የሚጓዝ ሰው ድሮ ስለ መንገዱና ስለ ማረፊያው የሚጠይቀው የአገሩን ልጅ ነበር። ዛሬ ጥያቄው በቅድሚያ የሚቀርበው ለስልክ ነው። «ከኮምቦልቻ ደሴ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ የሚጽፍ መንገደኛ የድረ ገጾችን ዝርዝር አንድ በአንድ ከፍቶ ለማንበብ ትዕግሥት የለውም። ሁልጊዜ ባይሆንም ከዝርዝሩ በላይ በሳጥን ተለይቶ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር የሆነ መልስ ይመጣለታል። ብዙው ሰው ከዚያ በታች አይወርድም።

ይህ የመልስ ሳጥን በጉግል የፍለጋ ገጽ ላይ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ገደማ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቃል ጉግል ራሱ አይጽፈውም። ከአንድ ድረ ገጽ ቆርጦ ይወስድና የገጹን አድራሻ አብሮ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ደግሞ ከበርካታ ገጾች ተውጣጥቶ በኮምፒዩተር የሚቀናበር ማጠቃለያ በአሜሪካ ተጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። ለነጋዴው ዋናው ጉዳይ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ስለ ከተማውና ስለ ዕቃው የሚሰጠው መልስ ከማን ገጽ ይወሰዳል?

ትርፍና ኪሳራው

የሳጥኑ ጥቅም ለሁሉም እኩል አይደለም። አልጋ የሚያከራይ፣ መኪና የሚያከራይ ወይም ምንጣፍ የሚሸጥ ነጋዴ መልሱ በሳጥን ቢወጣለት ያለ ክፍያ ማስታወቂያ እንዳስነገረ ይቆጠራል። ደንበኛው ገጹን ባይከፍትም ስሙን አይቶ ሊደውል ይችላል። በአንጻሩ ገቢው ከአንባቢ ብዛት የሚመጣ ድረ ገጽ ሊጎዳ ይችላል፤ አንባቢው የፈለገውን ከሳጥኑ አግኝቶ ይሄዳልና። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ወዲህ በሳጥን የወጣ ገጽ በመጀመሪያው ገጽ ዝርዝር ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ አይደገምም። ጽሑፉ እንዲቆረጥ የማይፈልግ ባለ ገጽ በገጹ ውስጥ በሚጻፍ የኮምፒዩተር ትእዛዝ መከልከል ይችላል። ሳጥኑን ይዞ ለማቆየት የሚያስችል ክፍያም ሆነ ምልክት ግን የለም።

ስም፣ ሰዓትና ዋጋ

የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ ከሌላው የተለየ ችግር አለበት። የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ የምትባል ከተማ በወሎ ብቻ ሳይሆን በምሥራቅ ሐረርጌም አለች። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኝባት የወሎዋ ኮምቦልቻ ናት። ሆኖም በገጹ ላይ «ኮምቦልቻ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ነጋዴ የትኛዋ እንደሆነች ለፍለጋው አልነገረውም። የአውሮፕላን ማረፊያውም ነገር እንዲሁ ነው። ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ሲሆን የዓለም አቀፍ መለያ ፊደሎቹ ግን የደሴን ስም ይዘዋል። ከደሴ በስተሰሜን ያለችው የሐይቅ ከተማ ደግሞ ስሟ ራሱ የውኃ ስም በመሆኑ «ደቡብ ወሎ» የሚል ካልተጨመረበት ፈላጊው ወደ ሌላ ሐይቅ ሊመራ ይችላል።

በዚህ ላይ የፊደላችን ጣጣ አለ። ሐይቅን አንዱ በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ወይም «ሃ» ይጽፈዋል። ዕቃና እቃ፣ ሠርግና ሰርግም እንደዚሁ ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደሴም ኮምቦልቻም ከአንድ በላይ አጻጻፍ አላቸው። በመሆኑም ገጹ በአንድ ወጥ አጻጻፍ ቢጻፍም ደንበኞች በብዛት የሚጠቀሙበት ሁለተኛው አጻጻፍ አንድ ቦታ ላይ ቢገባ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ችግር ሰዓት ነው። «ሱቁ በ2 ሰዓት ይከፈታል» የሚል ጽሑፍ ለደሴ ሰው ግልጽ ነው። ያው ቃል ተቆርጦ ውጭ አገር ላደገ የወሎ ልጅ ሲቀርብ ግን ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ሊመስለው ይችላል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር 8 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ደንበኛን ከዝግ በር ያድናል። ቀንና ዓመተ ምሕረትም በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ መልካም ነው።

ሦስተኛው ዋጋ ነው። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቅ፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የተጻፈና ያልታረመ የዋጋ ዝርዝር ዛሬም በሳጥን ሊወጣ ይችላል። ደንበኛው የድሮውን ዋጋ ይዞ መጥቶ ሲከራከር ባለ ሱቁ አጭበርባሪ ይመስላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ የተወሰነበት ቀን መኖር አለበት።

መልስ እንዴት ይጻፋል?

ሳጥኑ የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ቀድሞም በፍለጋው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካሉት ድረ ገጾች ነው። ከእነዚህ መካከል ጥያቄውን ሳያዞር የሚመልሰው ዕድሉ የሰፋ ነው። የሥራው ልማድ እንደሚከተለው ነው፦ ደንበኛው የሚጠይቀው ጥያቄ እንዳለ ርእስ ይደረጋል። መልሱ ወዲያውኑ ከሥሩ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ ከ40 እስከ 60 ቃላት ያህል ይመከራል። በአማርኛ ግን አንድ ቃል የሁለትና የሦስት ቃል ሸክም ስለሚይዝ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ዝርዝር ማብራሪያ የሚከተለው ከመልሱ በኋላ ነው። ቅደም ተከተል ያለው ነገር በቁጥር፣ ዋጋና ርቀት ደግሞ በሠንጠረዥ ይቀርባል።

ለምሳሌ ደሴ ውስጥ ማረፊያ ያለው ሰው «እንግዶቻችንን በፍቅር እናስተናግዳለን» ብሎ ከመጀመር ይልቅ እንዲህ ቢጽፍ ይሻለዋል፦ «ከኮምቦልቻ ደቡብ ወሎ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በሐረጎ በኩል ሽቅብ ይወጣል። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ለማታ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል።» ይህ ተቆርጦ ለብቻው ቢወጣ እንኳ ትርጉሙ አይጎድልም።

ብዙ ነጋዴ ዋጋውንና አድራሻውን በፎቶግራፍ ላይ አሳትሞ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይለጥፋል። ለነባር ደንበኛ ይህ ይበቃል። ለፍለጋ ግን በፎቶግራፍ ላይ ያለ ጽሑፍ አስተማማኝ አይደለም። ያው መረጃ በተራ ጽሑፍ፣ በራስ ገጽ ላይ መኖር ይገባዋል።

ክትትሉ

የጻፈ ሁሉ ሳጥኑን አገኘ ማለት አይደለም፤ ያገኘውም ነገ ሊነጠቅ ይችላል። ጉግል ሰርች ኮንሶል የተባለውን መሣሪያ ለባለ ገጾች በነጻ ይሰጣል። መሣሪያው ገጹ በየትኛው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደከፈተውና በአማካይ ስንተኛ እንደሆነ የ16 ወር መረጃ ያሳያል። ሆኖም በመልስ ሳጥን መውጣትን ለይቶ አይቆጥርም። የታየበት ብዛት ጨምሮ የከፈተው ሰው ቁጥር ቢቀንስ መልሱ በሳጥን እየተነበበ ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫው ግን ሄዶ ማየት ነው።

ለዚህም ትልቅ ወጪ አያስፈልግም። ደንበኞች በስልክ ደጋግመው ከሚጠይቁት ውስጥ 15 ጥያቄ በደብተር ይመዘገባል። በየሳምንቱ አንድ ቀን እያንዳንዱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይፈለጋል፤ የቀድሞ ፍለጋ ውጤቱን እንዳያዛባው የግል መስኮት ይከፈታል። ቀኑ፣ ሳጥን መውጣት አለመውጣቱ፣ የማን ገጽ እንደሆነና ምን እንደሚል ይጻፋል። ውጤቱ እንደየቦታው ስለሚለያይ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ ያለ ዘመድ ቢያግዝ ይበልጥ ይታመናል። ገጹ ሲታረም በዚያው ደብተር ቀኑ ይመዘገባል፤ ለውጡ በምን እንደመጣ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የተሳሳተ መልስ

ሳጥኑ እርግጠኛ መስሎ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 «የሕንድ አስቀያሚ ቋንቋ የትኛው ነው?» ለሚል ጥያቄ ካናዳ የተባለውን የደቡብ ሕንድ ቋንቋ በሳጥን በማውጣቱ ጉግል ይቅርታ ለመጠየቅ ተገዷል። ስሕተት ሲታይ ከሳጥኑ ሥር ባለው የአስተያየት መስጫ ማመልከት ይቻላል። ከዚያ የሚሻለው ግን ትክክለኛውን መልስ በራስ ገጽ ላይ ጽፎ ማኖር ነው።

ይህ በደቡብ ወሎ የዋዛ ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በኅዳር ወር መጨረሻ ነጻ እስኪወጡ ድረስ ሥራ ቆሞ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነጋዴው ገጹን ማረም አይችልም፤ የድሮው መልስ ግን በሌላው ዓለም መነበቡን ይቀጥላል። መስመር ሲቋረጥ ገጹን የሚያርም የታመነ ሰው ከክልሉ ውጭ አስቀድሞ መሰየም፣ ከመልሱ መጨረሻም «ሳይነሡ ይደውሉ» የሚል ቃልና የሚሠራ ስልክ ማኖር እንግዳውን ከመንገላታት፣ ባለ ሱቁንም ከወቀሳ ያድናል።