በቡላኦስ ግቢ የበቀለው ፔቱኒያ፤ አንድ አበባ «አዲስ ዝርያ» የሚባለው መቼ ነው?

ባለፈው የቀዝቃዛ ወራት ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርጄ በነበረ ጊዜ፣ በቡላኦስ ከሚኖሩት ያገራችን ሰዎች አንዲት ሴት አትክልታቸውን እንዳይላቸው ጠርተውኝ ነበር። ቡላኦስ ከከተማዪቱ ሦስት ኮሚዩኖች አንዱ ሲሆን፣ ሕዝቡ የበዛበት፣ ቤቶቹም ተጠጋግተው የተሠሩበት፣ ብዙዎቹ ሰፈሮች በቍጥር የሚጠሩበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ለአትክልት የሚተርፍ መሬት ስለማይገኝ፣ እኒህ ሴት ከግንቡ ጥላ ሥር አሥራ አንድ የዘይት ቆርቆሮዎች ደርድረው በያንዳንዱ ፔቱኒያ የተባለውን አበባ ተክለውበታል።

«ይመልከቱልኝ ጌታዬ» አሉኝ። «ዓምና የገዛሁት ዘር ዅሉም አንድ ዓይነት ሐምራዊ አበባ ነበረ። ከርሱ የለቀምሁትን ዘር ዘንድሮ ብዘራው እንዲህ ሆኖ ወጣ። ጎረቤቶቼ ዘሩን የሸጠልኝ ሰው አታሎሻል ይሉኛል፤ እኔ ግን አዲስ ዝርያ ያገኘሁ ይመስለኛል። ስም ቢያወጡልኝ ዘሩን ለገበያ አቀርበው ነበር።»

ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ተመለከትሁ። አራቱ እንደ ዓምናው ሐምራዊ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን አንዱ ሮዝ፣ አንዱ የደበዘዘ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ረዥምና ደካማ፣ አንዱ ደግሞ ቀጭን ሐምራዊ ሥር የመሰለ መስመር ያለበት ነጭ ሆነዋል። ዘሩን የሸጠው ሰው አላታለለም፤ አዲስ ዝርያም ገና አልተገኘም። ይህን ለእትዬ በቃል ያስረዳሁትን ነገር፣ ዘር የሚያራባ ገበሬም ሆነ ስለ ዘር የሚወስን ሹም ሊያውቀው የሚገባ ስለ መሰለኝ እዚህ ላይ በሰፊው ጽፌዋለሁ።

ፔቱኒያ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ ወገኑ ከድንች፣ ከቲማቲም፣ ከበርበሬና ከትምባሆ ነው። ስሙም የተወረሰው የብራዚል ተወላጆች ትምባሆን ከሚጠሩበት ቃል ነው፤ ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ ዡስዩ በ1803 እ.ኤ.አ. ይህን ስም ሰጠው። የዛሬው የአትክልት ፔቱኒያ ግን በዱር እንዳለ የሚገኝ ተክል አይደለም። አባትና እናቱ ሁለት የዱር ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው አበባው ነጭ፣ አንገቱ ረዥም የሆነ፣ ሲመሽ መዓዛ የሚሰጥና በሌሊት በሚበርሩ ትልልቅ የእሳት ራቶች የሚዳቀል ነው። ሁለተኛው ሐምራዊ፣ አንገተ አጭርና ንብ የምትጐበኘው ነው። ይህን ሐምራዊውን ጄምስ ትዊዲ የተባለ ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ በ1831 እ.ኤ.አ. ከቦነስ አይረስ ወደ ግላስጐ ላከው፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቈይም የእንግሊዝ አትክልተኞች ከነጩ ጋር አዳቀሉት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዅሉ በግቢና በሰገነት የምናየው ፔቱኒያ የዚያ ጋብቻ ዘር ነው። በእትዬ ቆርቆሮ የበቀለው ባለ መስመር ነጭ አበባ ወደ ማታ ሲሸት ያገኘሁትም ስለዚሁ ነው፤ የጥንት አያቱን መስሎ ነው።

በሱቅ በፓኮ የሚሸጠው ዘር በብዛት የመጀመሪያ ትውልድ ዲቃላ ነው። ዘር አራቢው ለብዙ ዓመታት ያጠራቸውን ሁለት ወላጆች በየዓመቱ በእጅ ያዳቅላል፤ ከነዚህ የሚወለደው ዅሉ እንደ መንታ ይመሳሰላል፤ ጉልበታምም ይሆናል። ነገር ግን ከዲቃላው የሚለቀመው ዘር ሲዘራ፣ በአንድነት ተሸሽጎ የነበረው የሁለቱ ወላጆች ጠባይ ተለያይቶ ይወጣል። ይህን ሕግ የኦስትሪያው መነኵሴ ሜንዴል በአተር ላይ መርምሮ በ1866 እ.ኤ.አ. አሳትሞት ነበር፤ ዳሩ ግን እስከ 1900 ድረስ የተመለከተው ሰው እምብዛም አልነበረም። እንግዲህ በቡላኦስ ግቢ የታየው የዘር ሻጩ ተንኰል ሳይሆን የሜንዴል ሕግ ነው። ገበሬዎቻችንም ዲቃላ በቆሎ ገዝተው ከምርቱ ለዘር ባስቀሩ ጊዜ ማሳው ዝንጕርጕር የሚሆንባቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሆነው ሆኖ፣ ዝንጕርጕርነቱ ለዘር አራቢ ጥሬ ሀብት ነው። ከአሥራ አንዱ ቆርቆሮ የሚወደደውን መርጦ ዝርያ ለማድረግ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንደኛው በዘር ማጥራት ነው። የፔቱኒያ አበባ አምስት ወንዴ ዘንጎች አሉት፤ አራቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲረዝሙ አምስተኛው ያጥራል። ሁለት ተክሎችን ማዳቀል የሚፈልግ ሰው እምቡጡ ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው በጐኑ ሠንጥቆ አምስቱንም በወረንጦ ይነቅላል፤ በማግሥቱ የአባቱን አበባ ብናኝ በሴቴዋ ጫፍ ላይ ይቀባል፤ ንብ እንዳትደርስበትም በቀጭን ወረቀት ከረጢት ሸፍኖ ቀኑንና የወላጆቹን ቍጥር በክር አስሮ ያንጠለጥልበታል። ተክሉን ከራሱ ጋር ብቻ ማዳቀል ለሚፈልግ ደግሞ የራሱን ብናኝ ቀብቶ መሸፈን ይበቃል። ፍሬው በአንድ ወር ገደማ ይደርቃል፤ ከመፈንዳቱም በፊት መለቀም አለበት፤ ምክንያቱም ዘሩ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 10,000 ፍሬ ይገባል። ሲዘራም በላዩ አፈር አይደረግም፤ ብርሃን ይወዳልና በእርጥብ አፈር ላይ በትኖ መተው ነው።

እንዲህ ከራሱ ጋር ብቻ እየተዳቀለ ሲሄድ፣ በተክሉ ውስጥ ያለው ቅይጥነት በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። ከስድስት ትውልድ በኋላ ከ64 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ዘሩ ተዘርቶ እናቱን ይመስላል። በቡላኦስ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፔቱኒያ ከዘር እስከ አበባ ሦስት ወር ያህል፣ እስከ ዘር አንድ ወር ይጨምራል። በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ኀምሲን የሚሉት የምድረ በዳ ነፋስም አቧራ ይዞ ይነፍሳል፤ የዓመቱ ዝናብ ደግሞ ወደ 150 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በጥቅምት የተዘራው በጥር አብቦ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት ዘሩን መስጠት አለበት። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ማለት ነው፤ ስድስት ትውልድ ስድስት ዓመት ይፈጃል። በወይና ደጋ ቢሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚደርስ ሦስት ዓመት ይበቃው ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ከተመረጠው ተክል ለጋ ቅርንጫፍ ቈርጦ ማጽደቅ ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ችግኝ ራሱ እናቲቱ ስለ ሆነ መለያየት የለበትም። የጃፓኑ ሰንቶሪ ኩባንያ በ1989 እ.ኤ.አ. «ሰርፊኒያ» የተባለውን ተንጠልጣይ ፔቱኒያ ለገበያ ካወጣ ወዲህ፣ በቅርንጫፍ የሚባዛው ፔቱኒያ በአውሮፓ ገበያ ትልቅ ስፍራ ይዟል። በዚህ ሥራ አገራችንም ድርሻ አላት። በቆቃ አካባቢ፣ ከሞጆ በስተደቡብ፣ የውጭ አገር የአበባ ኩባንያዎች በሚያስተዳድሯቸው የመስታወትና የፕላስቲክ ቤቶች ውስጥ ሠራተኞች ከእናት ተክሎች ለጋ ቅርንጫፍ በእጅ እየቈረጡ፣ ሥር ሳያወጣ በከረጢት አሽገው በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልኩታል፤ እዚያ ሥር ይዞ በጸደይ ይሸጣል። የሐምቡርግ ወይም የአምስተርዳም ሰው በመስኮቱ ያንጠለጠለው አበባ በሸዋ ቆላ የተቈረጠ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሰው አያውቅም። ሥራው የኛ እጅ፣ ዝርያው ግን የሌላ አገር ባለመብት ነው፤ በበኩሌ ይህ ነገር ዘወትር ያሳስበኛል።

በዚህ መንገድ የሚያሰጋው በሽታ ነው። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ፔቱኒያንም ቲማቲምንም በርበሬንም ይይዛል፤ በቢላዋና በእጅም ይተላለፋል። ሲጋራ ያጨሰ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ተክሉን መንካት የለበትም፤ ቢላዋውም ከተክል ወደ ተክል ሲሻገር መጽዳት አለበት። ለእትዬም የቲማቲም ችግኛቸውን ከፔቱኒያው ጐን እንዲያነሡ ነግሬያቸዋለሁ።

ተክሉ ቢጠራም፣ ቢባዛም፣ ገና ዝርያ አልተባለም። በ1961 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተፈረመው የአዳዲስ የዕፀዋት ዝርያዎች ጥበቃ ስምምነት መሠረት፣ ዝርያ የሚባለው ከሚታወቁት ዅሉ የተለየ፣ በመካከሉ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ሲባዛም ጠባዩን የማይለውጥ ነው። ኢትዮጵያም የዘር አራቢዎችን መብት በአዋጅ ቍጥር 481/1998 ደንግጋ ነበር፤ በኋላም በአዋጅ ቍጥር 1068/2010 ተተክቷል። እነዚህን ነገሮች የሚያስረዳው የዝርያው መግለጫ ነው። «እጅግ የሚያምር፣ ዐይን የሚማርክ» ተብሎ የተጻፈ መግለጫ ለምንም አይረባም። የተክሉ ቁመት በሳንቲሜትር፣ አቋሙ ቀጥ ያለ ወይም የሚንጠለጠል መሆኑ፣ የቅጠሉ ርዝመትና ስፋት፣ የአበባው ስፋት፣ የአንገቱ ርዝመትና የጕሮሮው ቀለም፣ የመስመሮቹ ድምቀት፣ የብናኙ ቀለም፣ ጠርዙ ሞገዳም ወይም ለስላሳ መሆኑ፣ መዓዛው በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ይህ ዅሉ ተለክቶ ይጻፋል። ቀለሙም በቃል ሳይሆን የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ካዘጋጀው የቀለም ሠንጠረዥ ጋር ተያይቶ በቍጥር ይገለጣል፤ የአንዱ «ሐምራዊ» ለሌላው «ወይን ጠጅ» ነውና። ከዅሉም በላይ እጅግ የሚቀርበው የታወቀ ዝርያ በአንድ አፈር፣ በአንድ ቀን ከጐኑ ተተክሎ መነጻጸር አለበት። የፔቱኒያ ቀለም፣ ይልቁንም ባለ ሁለት ቀለሙ፣ እንደ ሙቀቱ መጠን ይለዋወጣል። ስለዚህ በቡላኦስ በጥር የታየውን አበባ በጀርመን ከተጻፈ መጽሐፍ ጋር ብቻ አነጻጽሮ «የተለየ ነው» ማለት ስሕተት ነው።

ትውልዱ ያልተጻፈ አበባ ምን እንደሚያስከትል የብርቱካን ቀለሙ ፔቱኒያ ታሪክ ያሳየናል። ፔቱኒያ በተፈጥሮው ብርቱካናማውን ቀለም ለመሥራት አይችልም። በ1987 እ.ኤ.አ. በጀርመን በኮሎኝ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ከበቆሎ የተወሰደ የዘር ጠባይ በፔቱኒያ ውስጥ አስገብተው ይህን ቀለም አስገኙ። በ1990 ወደ 30,000 የሚሆኑትን በሜዳ ተክለው ሲመለከቱ፣ የብዙዎቹ ቀለም በበጋው ሙቀት ደበዘዘ። አበባው ለገበያ እንዲውል ፈቃድ አልተሰጠውም ነበር። ነገር ግን በ2015 ተየሙ ቴሪ የተባሉ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የዕፀዋት ሊቅ ከከተማው ባቡር ጣቢያ አጠገብ በተተከለ የአበባ ሣጥን ውስጥ ብርቱካናማ ፔቱኒያ አይተው ተገረሙ፤ አስመርምረውም የበቆሎው ጠባይ እንዳለበት አረጋገጡ። በ2017 የፊንላንድ መንግሥት ከገበያ እንዲነሣ አዘዘ፤ የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤትና ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። በየአገሩ ያሉ ነጋዴዎች ወንጀል ሳያስቡ ያራቡትን ችግኝ አቃጠሉ፣ ቀበሩ። ዘር አራቢዎች አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው አያት ከየት እንደ መጣ የጠየቀ አልነበረም። በ2021 የአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት አበባው ለዕፀዋት ተባይ የመሆን አደጋ እንደሌለው ገልጦ ፈቀደው፤ ኪሣራው ግን ለከሠረው ሰው አልተመለሰም።

ይህን ዅሉ ለእትዬ ባስረዳኋቸው ጊዜ ጥቂት አዘኑ፤ ጎረቤቶቻቸው ዘሩን ለመግዛት ቃል ገብተውላቸው ነበርና። እኔም የዘንድሮውን ዘር በአንድ ስም ከሸጡ ገዢዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ዝንጕርጕር አበባ አግኝተው ዛሬ በዘር ሻጩ ላይ የሚሉትን በርስዎ ላይ ይላሉ ብዬ መለስሁላቸው። በሸክላ ያጸደቁትን ችግኝ መሸጥ ግን ይችላሉ፤ ገዢው የሚያየውን አበባ ይዞ ይሄዳልና።

ከዚያ በኋላ የትኛውን መምረጥ እንዳለባቸው ተነጋገርን። እርሳቸው ትልቁን ሮዝ ወደዱ። እኔ ግን የቅጠሎቹን ጠርዝ ተመልከቱ አልኋቸው። የጅቡቲ የጕድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ከሐዳጋላ የተጠለፈው የኢትዮጵያ ውሃ በ2017 እ.ኤ.አ. በቧንቧ መውረድ ከጀመረ ወዲህም ቢሆን፣ ለመጠጥ የሚሆነውን ውሃ ለአበባ ማፍሰስ አይገባም ብለው እትዬ የልብስ ማለቅለቂያ ያጠጣሉ። በቆርቆሮዎቹ አፈር ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ይታያል። የሮዙ ቅጠል ጠርዙ ተቃጥሎ ደርቋል። በዘጠነኛው ቆርቆሮ ያለው ባለ መስመር ነጩ አበባው አነስተኛ ቢሆንም አንድም የተቃጠለ ቅጠል የለበትም።

ደብተር አውጥተን ገዢ ከሱቅ የገዙት ፓኮ ላይ ያለውን ስም፣ የተዘራበትን ቀን፣ የሚያጠጡትን ውሃ ጻፍን። ከዘጠኝ ላይ ስድስት ቅርንጫፎች ቈርጠን በአሸዋ ተከልን፤ ሦስት እምቡጦችም በወረቀት ሸፈንን። ቅርንጫፉን ወደ ደጋ ወስጄ በጋውን ላሳልፍላቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ ችግኝ ድንበር የሚያልፈው በዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ስለሆነ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ሰኔ ሲገባ ኀምሲኑን የቻለውን ቍጥር በደብዳቤ ይልኩልኛል። ስሙን ለጊዜው «ዘጠኝ» ብለነዋል።