አሮጌውን ፒክአፕ እናድስ ወይስ አዲስ እንግዛ?

ከሚሴ ውስጥ «ኢኮኖሚክስ ተመርቋል» የተባለ ልጅ ሥራ ቢያጣ እንኳ ጥያቄ አያጣም። ዶላር የት ይቆማል? ሽንኩርት መቼ ይረክሳል? የዘይት ዋጋስ? ሰሞኑን የመጣብኝ ጥያቄ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል። መልሱ የሁለት ቤት እንጀራ ይነካላ!

አጎቴ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 ከተመረቱት፣ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ካላቸው አንዷ ናት። ከጨፋ ሜዳ በመስኖ የሚመረተውን ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ኮምቦልቻ ታደርሳለች። ሰኞ ባቲ ገበያ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ትታያለች። ማሽላና ማሾ ሲደርስ ደግሞ እረፍት የላትም። የአጎቴም ሆነ የሚነዳት ልጁ ቤት የሚተዳደረው በእሷ ነው።

አሁን ግን ጭስ ታበዛለች፣ ዘይት ትበላለች፣ ዳገት ሲመጣ ትለምናለች። መካኒኩ ከፍቶ አየና «ሞተሩ ይውረድ» አለ። ይህን የሰማችው አክስቴ ደግሞ ከጂዳ ደውላ «ያንን ብረት ሽጠውና ደህና መኪና ግዛ፤ እኔም የአቅሜን አግዝሃለሁ» አለች። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የተማርከው ለዚህ አይደል? በል አስላልኝ!»

ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍኩት። ከሸዋ ሮቢት እስከ ደሴ ባለው መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች አንዱ ጋ ቆማችሁ ብታዩ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ ባለቤቷ ጭንቅላቱን የሚያክባት አሮጌ ፒክአፕ አታጡም። ጥያቄውም አንድ ነው። እናድስ ወይስ እንግዛ?

መጀመሪያ ጥያቄውን እንዲህ ያከበደው ምን እንደሆነ እንይ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው የገፋ አውቶሞቢሎችን ለማስገባት እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ነው። ሲደመሩ ግን እዚሁ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ተሰቀለ።

ስለዚህ አንድ እንግዳ ነገር ተፈጠረ። ክፍል ውስጥ የተማርነው መኪና በየዓመቱ ዋጋው እንደሚቀንስ ነው። አጎቴ ግን ከዓመታት በፊት የገዛት መኪና ዛሬ ከገዛበት በብዙ እጥፍ ትሸጣለች። «አየህ፣ አተረፍኩ» ይላል። እኔ ደግሞ «አብሽር ጋሼ፣ ትርፍ የሚሆነው ሸጠህ ከሥራው ከወጣህ ነው» እለዋለሁ። እሷን ሸጦ በምትኳ ሌላ መግዛት ካለበት፣ ሌላዋም በዚያው ልክ ተሰቅላ ነው የምትጠብቀው። ያደገው የመኪናዋ ጉልበት ሳይሆን የቀነሰው የብሩ ጉልበት ነው።

ወደ ስሌቱ እንግባ። ቁጥሮቹ ለማሳያ እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ የእናንተን በቦታቸው ተኩ።

ሞተሩን ማውረድ፣ ፒስተንና ፋሻ መቀየር፣ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ማሠራት፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬንና ባሌስትራ ጨምሮ 700 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል። አሮጌዋን ሸጦ አዲስ ወይም ለአዲስ የቀረበች ለመግዛት ደግሞ ተጨማሪ 3 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ያስፈልጋል እንበል። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት 3 ሚሊዮን ብር ነው። ለ10 ዓመት ቢካፈል በዓመት 300 ሺህ ይመጣል። እንግዲህ አዲሷ መኪና «ግዙኝ» ለማለት በየዓመቱ ከአሮጌዋ በ300 ሺህ ብር የተሻለ ነገር ማሳየት አለባት።

ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠቅሰው ነዳጅን ነው። «አሮጌ መኪና ናፍጣ ትጨርሳለች» ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ስንት? አሮጌዋ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር፣ አዲሷ 9 ሊትር ትፈልጋለች ብንል ልዩነቱ 3 ሊትር ነው። ከሚሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዓመት 250 ቀን ብትመላለስ ልዩነቱ 750 ሊትር ይሆናል። በጥር 2017 በነበረው የናፍጣ ዋጋ፣ ማለትም በሊትር 99 ብር ገደማ፣ ይህ በዓመት 74 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ለብቻው ግን የ3 ሚሊዮኑን ልዩነት ለመመለስ 40 ዓመት ይፈጅበታል። ናፍጣ ከዚያ በላይ ቢጨምርም የሚቀየረው ዓመቱ እንጂ ፍርዱ አይደለም።

ሁለተኛው ጥገና ነው። አሮጌ መኪና አንዴ ታድሳ አያበቃላትም፤ ከዓመታት በኋላ ሞተሩ እንደገና ይወርዳል። ለዚያ በየዓመቱ 75 ሺህ ብር እንያዝ። ከነዳጁ ጋር 150 ሺህ ገደማ መጣ። የ300 ሺሁ ግማሽ ተሸፈነ ማለት ነው።

የቀረውን 150 ሺህ ብር የሚወስነው ብዙዎቻችን የማንጽፈው ቁጥር ነው፤ መኪናዋ የቆመችባቸው ቀናት። አጎቴ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በቀን 3 ሺህ ብር ይቀረዋል ብንል፣ 150 ሺህ ብር የ50 ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ መልሱ እንዲህ ወጣ። አሮጌዋ በዓመት ከአዲሷ 50 ቀን በላይ ተጨማሪ የምትቆም ከሆነ መግዛት ያዋጣል፤ ከዚያ ካነሰች ማደስ። በአጭሩ በሳምንት አንድ ቀን ጋራዥ የምታድር መኪና ልትሸጥ ይገባታል።

የኢኮኖሚክስ ጓደኞቼ «ከ10 ዓመት በኋላ የሚቀረው የመሸጫ ዋጋስ? የብድሩ ወጪስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ለአዲሷ ያደላል፣ ሁለተኛው ለአሮጌዋ። እዚህ ላይ አቻችዬ ትቻቸዋለሁ። የራሱን ጉዳይ የሚያሰላ ሰው ግን ሁለቱንም ያስገባ።

የአጎቴ መኪና ስንት ቀን ቆመች? አጎቴን ብትጠይቁት «ኧረ አልፎ አልፎ ነው» ይላል። ልጁን ብትጠይቁት «ግማሹን ዓመት ጋራዥ ናት» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው እንጂ ከመዝገብ አይደለም። እኛ የልጁን ስልክ ከፍተን ለመለዋወጫና ለመካኒክ በቴሌብር የተከፈለባቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ ቆጠርን። ከዓመቱ ውስጥ 31 ቀን ቆማለች። ከእነዚህ 18ቱ በሞተሩ ምክንያት ናቸው። ሞተሩ ከታደሰ ደግሞ አብዛኞቹ የሚቀሩ ቀናት ናቸው።

ቁጥሩ «አድሱ» ይላል። ነገር ግን ቁጥሩ ከመታመኑ በፊት መታየት ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ሻንሲው ነው። የእንግሊዙ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቶፕ ጊር እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ ባሕር ውስጥ አስጥሞ፣ ኋላም ሕንፃ አናት ላይ አውጥቶ ሕንፃውን ካፈረሰ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። የሃይሉክስ ወዳጆች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ነገር ግን ሞተር መነሣት ሌላ፣ ሽንኩርት ጭኖ ቁልቁለት ላይ በፍሬን መቆም ሌላ! ሞተር ይቀየራል፣ ፍሪሲዮን ይቀየራል። ሻንሲው በዝገት ከተበላ ወይም ተሰንጥቆ በብየዳ ከተጣጣፈ ግን የሚታደሰው ልብሱ እንጂ አጥንቱ አይደለም። ስለዚህ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት መኪናዋ ታጥባ፣ ጉድጓድ ላይ ቆማ፣ ከታች በመብራት ትታይ። በሰው ነፍስ ላይ ስሌት የለም፤ ሻንሲው ከሄደ ቀናቱን መቁጠር አያስፈልግም።

ሁለተኛው የሚያውቃት እጅ መኖሩ ነው። ሐረር ከተማ ውስጥ ፔዦ 404 ለአሥርት ዓመታት በታክሲነት ስታገለግል ኖራለች። ፈረንሳይ ውስጥ ምርቷ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ብረቷ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ይህን ያህል አልኖረችም፤ ዙሪያዋን የሚያውቃት መካኒክና የሚገኝ መለዋወጫ ስለነበራት ነው። የአጎቴ ሃይሉክስም እንደዚያው ናት። ሞተሯ ኮምፒውተር የለውም። ከሚሴም ኮምቦልቻም በድምፁ ብቻ ሕመሙን የሚለይ መካኒክ ይገኛል። ዕቃው ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተደውሎ በአውቶቡስ ይላካል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት የሃይሉክስ ሞተሮች ጉልበታቸው የተሻለ፣ ነዳጃቸውም የቆጠበ ነው፤ ሲታመሙ ግን የሚሰካ ኮምፒውተርና የሚያነበው ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው ቅርብ ከሌለ የአዲሷ መኪና አንድ ቀን መቆም ሳምንት ሊሆን ይችላል።

ስለ ኤሌክትሪክ ፒክአፕም ተጠይቄያለሁ። የታክስ ማበረታቻው ትልቅ ነው፤ የመብራት ወጪውም ከናፍጣ ጋር አይወዳደርም። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ደጋግሞ ማሰብ ይገባዋል። ፈጣን ቻርጀሮቹ በብዛት ያሉት ግን እዚያው አዲስ አበባ ነው። ሽንኩርት ጭኖ በባቲ ሙቀት ለሚሄድ ሰው ለዛሬ ገና ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልሱ ሊለወጥ ይችላል። ይህም ቢሆን ዛሬ ሚሊዮኖችን በአዲስ የናፍጣ መኪና ላይ ላለማሰር አንድ ምክንያት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውም ውሳኔውን ይጎትተዋል። በአካባቢያችን ብዙ ሰው ወለድ አይነካም። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች፣ ሌሎች ባንኮችም በወለድ አልባ መስኮቶቻቸው ሙራባሃ ያቀርባሉ። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በየጊዜው በሚከፈል ዋጋ ለደንበኛው ይሸጣል። ይህ አሠራር ደረሰኝ ላለው መኪና ይመቻል፤ ጋራዥ ውስጥ ለሚከፈል የእጅ ዋጋ ግን አይመችም። ስለዚህ ሰው ለመግዛት ገንዘብ ያገኝና ለማደስ ያጣል፤ ከዚያም «ካገኘሁ አይቀር» ብሎ ትልቁን ዕዳ ይሸከማል። ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ ሁሉ የሚያዋጣ መንገድ አይደለም። ለእድሳት የሚመጥነው ዕቁብና የቤተሰብ ገንዘብ ነው።

ደግሞም የምንኖርበትን መንገድ እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህም መንገዱ የተዘጋባቸውን ቀናት ሾፌር ሁሉ ያስታውሳቸዋል። መንገድ ሲዘጋ አሮጌዋም አዲሷም እኩል ይቆማሉ፤ በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ግን አይቆምም። ያለ የሌለ ጥሪቱን አንድ መኪና ላይ የጫነ ሰው ከመኪናው ጋር አብሮ ይቆማል።

እነዚህን ሁሉ አስቀምጬ ለአጎቴ የነገርኩት ይህን ነው። ሻንሲው ይታይ፤ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይውረድ። የእድሳቱ ጣሪያ 700 ሺህ ይሁን፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ በወረቀት ይጻፍ። ሞተሩ በሌላ የሚተካ ከሆነ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ይመዝገብ፤ አለበለዚያ ለቦሎም ለሽያጭም ጣጣ ነው። የአክስቴ ገንዘብ ደግሞ ባለበት ይቆይ፤ ለሚቀጥለው መኪና መነሻ ይሆናል።

አጎቴ ጣሪያውን አልወደደውም። «ከተጀመረ በኋላ ትንሽ ቢጎድል ልተወው ነው?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም እዚሁ ላይ ነው። ሦስት መቶ ሺህ ካወጣን በኋላ «ይህን ያህል አውጥቼ?» እያልን ሌላ ሦስት መቶ እንጨምራለን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ። ትናንት የወጣ ብር ብናድስም ብንሸጥም አይመለስም። መጠየቅ ያለበት «ከዛሬ ጀምሮ የምጨምረው ብር ምን ያስገኝልኛል?» የሚለው ብቻ ነው። አጎቴ ጥቂት አሰበና «እሺ፣ ጣሪያውን ከልጄ ጋር እንነጋገርበታለን» አለ። እስካሁን እየተነጋገሩ ናቸው። መካኒኩ ግን ለነገ ሳምንት ተቀጥሯል፤ መጀመሪያ የሚያየውም ሻንሲውን ነው።

እናንተም እንዲህ ያለ ጥያቄ ካለባችሁ የጎረቤትን ምክር ከመስማታችሁ በፊት ስልካችሁን ክፈቱ። ያለፈው ዓመት ክፍያዎችን ቁጠሩ፤ መኪናችሁ የቆመችባቸውን ቀናት ጻፉ። በየቀኑ የሚቀራችሁን ብር በዚያ አባዙት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር መካኒክም ደላላም ሊያስለውጣችሁ አይገባም።