የፊልም ድርሰታችንን ከፍለን ስናስነብብ

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ክረምት ቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ካለ ቡና ቤት እየተቀመጠ የጻፈውን የፊልም ድርሰት ለአንድ ባለሙያ ከፍሎ አስነበበ። የወር የኪስ ገንዘቡ አለቀ፤ ያገኘው መልስ ግን «ጥሩ ነው፤ በርታ» የሚል ብቻ ነበር። ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ አልጠየቀምና ጥፋቱ የእኛም ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ከተሸለመባቸው አንዱ ድርሰቱ ነበር። ስለዚህ ድርሰትን ማስመርመር የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም። የሚገዛውም ታሪኩ የት ላይ እንደሚላላ፣ የትኛው ባለታሪክ ያለ ምክንያት እንደሚናገር ከነገጹ የሚያመለክት የጽሑፍ ሐተታ ነው። በልማድ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ይሆናልና፣ 150 ገጽ የጻፈ ሰው «አሳጥር» የሚለውን ምክር ሳይከፍል ያውቀዋል።

እንግዲህ ገንዘቡ ከመሰጠቱ በፊት የሐተታው ርዝመትና የሚደርስበት ቀን በጽሑፍ ይወሰን። ስርቆት ለሚያሰጋን ደግሞ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጻፈውን ድርሰት ይጠብቃል፤ ሐሳቡን ብቻውን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ በአፍ ከማውራት ጽፎ ማስነበብ ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን እርስ በርሳችን እንነባበብ፤ ጓደኛ በነጻ ለሚያሳየን ስሕተት ገንዘብ ማውጣት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነውና።